ቀልብን መሰብሰብም እንደ ኢንተርቫል (እየደጋገሙ በፍጥነት መሮጥ) ልምምድ ፕሮግራም ይፈልጋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አንድ አትሌታችን በተሸነፈ ማግስት የስፖርት ገጾች ላይ «የሥነ ልቦና ዝግጅት ማነስ» የሚል ሐረግ አይጠፋም። አሠልጣኙም ይለዋል፣ ተንታኙም ይለዋል። ከዚያ ወሬው እዚያው ይቆማል። ስንት ኪሎ ሜትር፣ በምን ፍጥነት፣ በየትኛው ኮሮኮንች ላይ እንደሚሮጥ ለእያንዳንዱ ቀን ጽፎ የሚያስቀምጥ አሠልጣኝ፣ ነገሩ ቀልብ ጋ ሲደርስ «በርታ፣ አትፍራ» ብሎ ያልፋል። ቀልብን መሰብሰብ ግን መጠን፣ ሰዓትና ድግግሞሽ ያለው ልምምድ ነው። እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚበላሽ ለማስረዳት ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጁላይ 2019 ሎዛን በተካሄደው የዳይመንድ ሊግ 5,000 ሜትር ሐጎስ ገብረሕይወት አንድ ዙር ሲቀረው ውድድሩ ያለቀ መስሎት ተፈትልኮ ወጣ፤ መስመሩን አልፎም ደስታውን ገለጸ። ሌሎቹ አልፈውት ሄዱ፤ ዮሚፍ ቀጀልቻ አሸነፈ። ሐጎስ ሳንባም እግርም አልጎደለውም። ያው ሰው በ2024 ኦስሎ ላይ 12:36.73 ሮጦ በወቅቱ በርቀቱ ታሪክ ሁለተኛውን ፈጣን ሰዓት አስመዝግቧል። ቀነኒሳ በቀለም በጃንዋሪ 2005 ቦስተን ላይ፣ በቤት ውስጥ 3,000 ሜትር፣ ዙር ተሳስቶ አንድ ዙር ቀድሞ ፈተለከና በአየርላንዳዊው አሊስተር ክራግ ተቀደመ። እጮኛውን በሞት ካጣ ገና አንድ ወር አልሞላውም ነበር። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ሁለቱንም የዓለም አገር አቋራጭ ርቀቶች አሸነፈ። እነዚህን ሁለቱን ያነሣሁት ልወቅሳቸው አይደለም። የዓለም ምርጥ ሯጭ እንኳ ቀልቡ ለአንድ ዙር ያህል ሊከዳው እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ ስለሌለኝ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ። በእንግሊዝኛው «ማይንድፉልነስ» የሚባለውን አንዳንዶች «ተመስጦ» ብለው ይተረጉሙታል። ይህ ከጅምሩ ያሳስታል። የተመሰጠ ሰው ካለበት ተወስዷል፣ ቢጠሩት አይሰማም። እዚህ የሚፈለገው ተቃራኒው ነው፣ ያሉበትን ማወቅ። «አስተውሎት» የተሻለ ነበር፤ ግን ሰሞኑን «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» እየተባለ ኮምፒውተር ወሰደብን። ለእኔ ከሁሉም የሚቀርበው «ልብ ማለት» የሚለው የቤታችን ቃል ነው። ልጅን «ልብ በል!» ስንለው ተረጋጋ ወይም ደስ ይበልህ ማለታችን አይደለም፤ ፊትህ ያለውን እይ ማለታችን ነው። ልምምዱም ይኸው ነው። ቀልብ መሄዱን ማወቅ፣ ሳይጣሉ መመለስ፣ እንደገና ማወቅ፣ እንደገና መመለስ።

ታሪኩን በአጭሩ ላስቀምጥ። ጆን ካባት-ዚን የተባለ አሜሪካዊ በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል፣ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የስምንት ሳምንት ሥልጠና ጀመረ። መነሻው የቡድሂስቶች ልምምድ ቢሆንም ሃይማኖታዊ ይዘቱን አውጥቶለታል። በ1985 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በጀልባ ቀዛፊዎች ላይ የሠራውን አቀረበ። በ1990ዎቹ ጆርጅ መምፎርድ ለቺካጎ ቡልስ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች አስተማረው። ፍራንክ ጋርድነርና ዜላ ሙር ደግሞ በ2004 ለስፖርተኞች ብቻ የተዘጋጀ ሥርዓት አወጡ። የእነዚህ የሁለቱ ሐሳብ የድሮውን አካሄድ የሚገለብጥ ነው። የድሮው ሥልጠና መጥፎውን ሐሳብ በጥሩ ሐሳብ ለመተካት ይታገላል፤ እነሱ ግን ሐሳቡ ይኑር፣ እግሩ ሥራውን ይሥራ ይላሉ።

«ይህ ነገር ከጸሎት ጋር አይጋጭም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከአትሌቶች ዘንድ ይመጣል፤ ተገቢም ነው። ጸሎት ወደ ፈጣሪ የሚቀርብ ነው። ይህ ልምምድ ለማንም አይቀርብም፣ ምንም አይለምንም፤ ትኩረትን አንድ ቦታ የማሳረፍ ሥራ ብቻ ነው። የሚያማትበው አማትቦ፣ ዱዓ የሚያደርገው ዱዓ አድርጎ ሊሠራው ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወንበር ላይ ጀርባን ሳያስደግፉ መቀመጥ፣ ሁለቱንም እግር መሬት ማስነካት፣ ዓይንን መክደን ወይም ሁለት ሜትር ያህል ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ማሳረፍ። ትንፋሽ በጉልህ የሚሰማበትን አንድ ቦታ መምረጥ፦ አፍንጫ ወይም ሆድ። አንዴ ከተመረጠ በዚያ ቀን አይቀየርም። ትንፋሹን ማስረዘምም ማሳጠርም አያስፈልግም፤ እንደመጣ ይታያል። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ሐሳብ ወደ ማናጀር፣ ወደ ቤት ኪራይ፣ ወደ ትናንቱ ልምምድ ይሄዳል። መሄዱ በታወቀበት ቅጽበት በውስጥ አንድ ቃል ይባላል፤ «ሐሳብ» ወይም «ድምፅ» ወይም «ሕመም»። ከዚያ ወደ ትንፋሹ መመለስ። ድግግሞሹ መመለሱ ነው። ሠላሳ ጊዜ ሄዶ ሠላሳ ጊዜ የተመለሰ ሰው ሠላሳ ድግግሞሽ ሠርቷል።

መጠኑን በተመለከተ፦ በመጀመሪያው ሳምንት 5 ደቂቃ፣ በሁለተኛው 8፣ ከሦስተኛው ጀምሮ 12፤ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ለስምንት ሳምንት። ሲደመር ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። አንድ የማራቶን ሯጭ በአንድ ሳምንት ብቻ ከሚሮጥበት ሰዓት ያንሳል። ጊዜ የለንም የሚለውን መልስ የማልቀበለው ለዚህ ነው።

የሚበላሸውም በታወቁ ቦታዎች ነው። አንደኛው ሰዓቱ ነው። ከማለዳው ልምምድ ተመልሶ፣ ቁርስ በልቶ፣ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ የሚሠራ ሁሉ ይተኛል። እንቅልፉ ለማገገም ጥሩ ነው፣ ግን ልምምድ አይደለም። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ፣ ከሁለተኛው ሶምሶማ በፊት፣ ቁጭ ብሎ ቢሠራ ይሻላል። ሌላው ትንፋሽን በግድ መሳብ ነው። በጥልቀት ደጋግሞ የሳበ ሰው ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ ጭንቅላቱ ይዞራል፣ ጣቱ ይነዝረዋል፤ ከዚያ «ይህ ነገር አይስማማኝም» ብሎ ይተወዋል። ከሁሉም የከፋው ግን የሐሳብን መሄድ እንደ ውድቀት መቁጠር ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ብዙዎች «ባሰብኝ» ይላሉ። አልባሰባቸውም። ሐሳባቸው ድሮም ይሄድ ነበር፣ አሁን ማየት ጀመሩ እንጂ። አሠልጣኙ ይህን ቀድሞ ካልነገራቸው ግማሾቹ እዚህ ላይ ይቀራሉ።

እዚህ ላይ ስለ አሠልጣኞቻችን አፍ አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ። ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1987 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት ሰዎችን ለአምስት ደቂቃ «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ» አላቸው፤ ባሰቡ ቁጥር ደወል እንዲደውሉ ነበር። ደወሉ አላቆመም። ከዚያ በኋላ አስቡት ሲባሉ ደግሞ ክልከላ ያልነበረባቸውን ያህል ሳይሆን ከዚያ በላይ አሰቡት። መሙ ዳር ቆሞ «ኬንያዊቷን አታስቢያት! አትፍሪ! እንዳትወድቂ!» የሚል አሠልጣኝ ሦስት ነጭ ድቦች ለቀቀባት። በምትኩ የሚሠራ ነገር ይነገር፦ «እጅ ዝቅ!»፣ «ጀርባዋን ያዥ!»፣ «መንጋጋ ላላ!»። ፍርሃቱ ሲመጣም የሚባለው «አልፈራም» ሳይሆን «ፍርሃት መጣ» ነው። ተሰይሞ ይታለፋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጋ ደረስኩ። በወንበር ላይ ትንፋሽን የሚያይ ሯጭ ሲሮጥም ትንፋሹን እንዲያይ የሚነግሩ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ጀርመናዊቷ ሊንዳ ሹከርና ባልደረቦቿ በ2009 ባወጡት ጥናት 24 የሠለጠኑ ሯጮችን በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ በሦስት ዓይነት ትኩረት አሯሯጧቸው፦ አንዴ ትንፋሻቸው ላይ፣ አንዴ የእግራቸው አካሄድ ላይ፣ አንዴ ከውጭ ያለ ነገር ላይ። ዓይናቸውና ቀልባቸው ውጭ ሲሆን የፈጁት ኦክስጅን አነሰ። ምክንያቱ ለአሠልጣኝ እንግዳ አይደለም፤ በራሱ የሚሄድን እንቅስቃሴ በሐሳብ ሲነካኩት ይደነቃቀፋል። ደረጃ ሲወርዱ እግርን እየቆጠሩ መውረድን የሞከረ ያውቀዋል።

ስለዚህ ወንበሩ ላይ የሚለመደው ትንፋሽን ማየት ሳይሆን ቀልብን መመለስ ነው። በሩጫ ላይ የሚመለስበት ቦታ ይቀየራል። በ10,000 ሜትር ምሳሌ ልስጥ። 27:30 ለመግባት አንድ ዙር በ66 ሰከንድ ይሮጣል። ከነዚህ ውስጥ ወደ ሰውነት የሚታየው ለሦስት ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ሁልጊዜም በአንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ከመጨረሻው መስመር ፊት ለፊት ባለው ቀጥታ ላይ። ሦስት ቦታ ይፈተሻል፦ መንጋጋ፣ ትከሻ፣ እጅ። የጨበጠ ይለቃል። የቀረው 63 ሰከንድ ዓይን ፊት ላለው ሯጭ ትከሻ መሃል ነው። መስመሩ ጋ ሲደረስ ደግሞ ዓይን ወደ ዙር መቁጠሪያ ሰሌዳው ይሄዳል። ዙርን በጭንቅላት መቁጠር የደከመ አንጎልን ማመን ነው። ሰሌዳውን ማየት ከመስመሩ ጋር የተሳሰረ ልማድ መሆን ያለበት በልምምድ ነው፤ ስታዲየም ውስጥ 1,000 ሜትር እየደጋገሙ ሲሠሩ አንድ ሰው ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ይዞ ይቁም፣ ሯጩም በመጨረሻ ያየውን ቁጥር ይናገር። በ5,000 ሜትር በተለይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ስለሆነ መነሻውና መጨረሻው አንድ ቦታ አይደለም፣ መስመሩም አሥራ ሦስት ጊዜ ይታለፋል።

ለጎዳና ሯጮች ቦታን ምልክት ማድረግ ሰውን ምልክት ከማድረግ ይበልጣል። በ1960 ሮም ላይ ለአበበ ቢቂላ ተጠንቀቀው የተባለው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም 26 ቁጥር እንደሚለብስ ተነግሮት ነበር። ራዲ ማራቶኑን የሮጠው 185 ለብሶ ነው። አበበ 26 ቁጥርን ከፊቱ ሲፈልግ ሰውየው ጎኑ ነበር። ተፈትልኮ የሚወጣበት ቦታ ግን አስቀድሞ የተመረጠ ነበር፦ ያኔ ሮም ውስጥ ቆሞ የነበረው የአክሱም ሐውልት። ሰው ቁጥር ይቀይራል፤ ሐውልት በውድድር መሃል አይንቀሳቀስም። አበበም በ2:15:16.2 አሸነፈ።

ሕመምን ልብ ማለት ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቀላል ሩጫ ባለበት ማታ፣ በጀርባ ተኝቶ ከእግር ጣት እስከ ራስ 15 ደቂቃ እያንዳንዱን ክፍል በተራ ማየት ነው። ይህን የለመደ ሯጭ ድካምን ከጉዳት መለየት ይጀምራል። ሁለቱም እግር ላይ የተዘረጋ፣ ፍጥነት ሲጨምር የሚጨምር፣ ሲቀንስ የሚቀንስ ማቃጠል ድካም ነው፤ ይቻላል። አንድ ነጥብ ላይ ያረፈ፣ በአንድ ወገን ብቻ የሆነ፣ የሚወጋና አረጋገጥን የሚያስቀይር ከሆነ ልምምዱ እዚያው ይቁም። የአጥንት ስንጥቅ ይዘው ሳምንታት የሚሮጡ ልጆች «ቻልኩት» የሚሉት ልዩነቱን ስለማያውቁት ነው። መቀበል ማለት ሁሉንም መቻል አይደለም።

በትላልቅ ሻምፒዮናዎች ላይ ሌላም ነገር አለ። ከውድድሩ በፊት አትሌቶች መጠሪያ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ይቆያሉ፤ ስልክም የጆሮ ማዳመጫም አይፈቀድም። ሁልጊዜ በመዝሙር ወይም በዘፈን ራሱን የሚያረጋጋ አትሌት መሣሪያውን በር ላይ ተቀምቶ ነው የሚገባው። ከተቀናቃኞቹ ጋር ጉልበት ለጉልበት ተፋጦ ይቀመጣል። እዚያ የሚጠቅመው እግር ወለሉን ሲነካ መሰማት፣ አሥር ትንፋሽ ማየት፣ የመጀመሪያውን ዙር ሥራ በአንድ ቃል ለራስ መንገር ነው። ስምንት ሳምንት ያልሠራው ሰው ግን እዚያ ሊጀምረው አይችልም። የውድድር ሳምንት ላይ ባለሙያ ጠርቶ አንድ ንግግር ማስደረግ፣ ከማራቶኑ ሦስት ቀን በፊት ረጅም ሩጫ እንደመጀመር ነው።

ለእግር ኳሱ አንድ አንቀጽ ብቻ። ኖርዌያዊው ጌይር ዮርዴት የፍጹም ቅጣት ምት መቺዎችን ሲያጠና ፊሽካው እንደተነፋ የሚሮጡት የበለጠ እንደሚስቱ አሳይቷል። ኳሱን አስቀምጦ፣ ወደኋላ ሄዶ፣ ከፊሽካው በኋላ አንድ ሙሉ ትንፋሽ አውጥቶ፣ የሚመታበትን ጥግ አይቶ መነሣት በልምምድ ሜዳ ላይ በየሳምንቱ ሊደገም የሚችል ነገር ነው።

የማስረጃውን ልክ መደበቅ አልፈልግም። ውጤቱ በግልጽ የታየው እንደ ኢላማ ተኩስና ቀስት ውርወራ መሰል፣ አንድ ቦታ ቆመው በሚያነጣጥሩባቸው ስፖርቶች ላይ ነው። በረጅም ርቀት ሯጮች ላይ በ2009 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አራት ሳምንት የሠለጠኑት ጭንቀታቸው ቀነሰ፣ ሰዓታቸው ግን አልተሻሻለም። ከአሥር ዓመት ወዲህ የወጡ የጥናት ግምገማዎችም አብዛኞቹ ሙከራዎች ጥቂት ሰው ላይ የተሠሩና በመጠይቅ የተለኩ መሆናቸውን ይነቅፋሉ። ስለዚህ «ይህን ሠርተህ ደቂቃ ትቀንሳለህ» የሚል ሰው ሲመጣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ቆዩ። የሚጠበቀው ሯጩ ያለውን አቅም በስሕተት እንዳይጥለው ነው። ብረት ያነሰበትን ደም፣ ያልተተኛ ሌሊትን፣ ያልተከፈለ ደመወዝን ወንበር ላይ ተቀምጦ ማስተካከል አይቻልም። በ2023 ባተርስት፣ አውስትራሊያ፣ ለተሰንበት ግደይ የዓለም አገር አቋራጩን እየመራች መጨረሻው ጥቂት ሜትር ሲቀረው ስትወድቅ ቀኑ በጣም ሞቃት ነበር። የወደቀ ሁሉ ልቡ ደክሞ አይደለም።

ጥንቃቄም አለው። ጦርነት ያየ፣ የቅርብ ሰው የሞተበት፣ ወይም ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ ያጣ አትሌት ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጥ ሲያይ ሊብስበት ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ዓይን ክፍት ይሁን፣ ትኩረቱ በእግር መርገጫ ወይም በውጭ ድምፅ ላይ ይሁን፣ ጊዜው ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ፤ ልብ ምቱ ከጨመረ ወይም የድሮው ነገር ፊቱ ከመጣ ይቁም፣ ወደ አእምሮ ሐኪም ይላክ። አሠልጣኝ ሐኪም አይደለም።

ቋንቋውንም አደራ። ከበቆጂ ወይም ከትግራይ ለመጣ ልጅ መመሪያውን በአማርኛ ብቻ እየሰጡ «ልብህን መልስ» ማለት ሥራውን እጥፍ ያደርግበታል። በውድድር መሃል የሚሰማው አንድ ቃል እናቱ በምትጠራበት ቋንቋ ይሁን።

ጋዜጣችሁን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ አሠልጣኝ «ሥነ ልቦና ነው ያሸነፈን» ሲላችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁልን፦ በስንተኛው ዙር? የሯጯ ዓይን የት ነበር? አንተስ ከመሙ ዳር በመጨረሻ የጮኽከው ቃል ምን ነበር? ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ የሚዘጋጁ ክለቦችም ስምንት ሳምንት ወደኋላ ቢቆጥሩ መስከረም ላይ ያርፋሉ። የመጀመሪያው ሳምንት በቀን 5 ደቂቃ ነው፣ ወንበር ደግሞ በየካምፑ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስፖርት ሥነ ልቦና መምህር
አዲስ አበባ